ሞተሩ እንዳይሸና ስለ ተሰጠው ትእዛዝ

ይድረስ ለክቡር ቀኛዝማች ሣህሌ ገብረ መድህን
የሐይቅ ማመላለሻ ክፍል ሹም
አሰላ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የክቡርነትዎን ጤና ከመመኘት ሥራ ፈትቼ ባላውቅም ደህና ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ሰውነትዎ የጠጣውን ውሃ ማንንም ሳያስፈቅድ በጊዜው የሚያስወጣ እንዲሆን፣ ሽንት መከልከል የሚባለው በሽታም በደጅዎ እንዳያልፍ እለምናለሁ፤ ይህን ከሌላው ምኞት ሁሉ ለምን እንዳስቀደምኩት ከታች ይገለጥልዎታል። እኔ ከገበያው አጠገብ ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት ፋናዬ ወልደጻድቅ ነኝ። ደብዳቤዬን አሽጌ ወደ ቢሮዎ መላክ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት የላክሁት አቤቱታ እንደ ወጣ ስለቀረ፣ ይህኛው እንኳ መንገድ እንዳይጠፋበት ብዬ በወፍጮ ቤቴ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እህሉን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ያነበዋል፤ ለማይችለውም የሚችለው ያነብለታል።

ጉዳዬ አጭር ነው። ሰውና ጭነት ከሐይቁ ዳር ወደ ደሴቶቹ የምታመላልሰው የመንግሥት ጀልባ ነጂ ሁሴኖ ጉቱ፣ ሞተሩን በቸልተኝነት አቃጥሏል ተብሎ አሰላ ወህኒ ቤት ታስሯል። እንዲፈታ እለምናለሁ። ልመናዬን ከማቅረቤ በፊት ግን ለውለታዎችዎ ላመስግን።

አንደኛ፤ ስለ ጨዋነትዎ። ጀልባዋ በተመረቀች ዕለት ሞተሩ ሲነሣ ከጎኑ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ መርጨት ጀመረ፤ ጥቂቱም በአዲሱ ካኪ ሱሪዎ ላይ አረፈ። ይህ ምንድን ነው ብለው በእንግዶች ፊት ጠየቁ። ሁሴኖ አማርኛን ከገበያ የለቀመ፣ ነገር ማሽሞንሞን የማያውቅ ሰው ነውና፣ ሞተሩ እየሸና መሆኑን፣ እስከሸናም ድረስ ጤነኛ መሆኑን፣ ሽንቱ የቆመ ዕለት ግን ሞተርም እንደ ሰው እንደሚሞት በቅንነት አስረዳዎ። እንግዶቹ ሳቁ፤ እርስዎ አልሳቁም። የመንግሥት ንብረት በሹማምንት ፊት አይሸናም ብለው ቀዳዳው እንዲደፈን አዘዙ፤ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ተወትፎ በላዩ አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። የእኔም ወፍጮ ሞተር በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ዞሮ ወደ በርሜሉ ሲመለስ ድምፁ ካልተሰማ ፈጪዬ ከእንቅልፉም ቢሆን ዘሎ ያጠፋዋል። እንደ እርስዎ ጨዋ ብሆንና ያን ድምፅ ነውር ነው ብዬ ባስደፍነው ኖሮ የአሰላ ሰው ይኼኔ ስንዴውን ቆሎ አድርጎ ይበላ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ሕክምናው። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ከልክ በላይ መጋል ጀመረ። ሁሴኖ ውሃ ማለፉንና አለማለፉን እንዲያይ ውታፉ ይነቀልልኝ ብሎ ለመነ። እርስዎ ግን ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም ሐይቁን ሳያይ ተመካክሮ በሽታው የቆላ ሙቀት ነው አለ። ወባ የያዘው ሰው ወደ ደጋ ሲወጣ ይሻለው የለም? ስለዚህ ሞተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ዳገቱን ወጥቶ አሰላ ገባ፤ በቢሮዎ ግቢ በንጹሕ የጉድጓድ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ቆሞ ተነሣ። ጠዋቱ የአሰላ ጠዋት ነበር፤ የኮሚቴው አባላት በካፖርታቸው ተሸፍነው መዳፋቸውን በየተራ ሞተሩ ላይ እያሳረፉ፣ ትኩሳት የለውም ተባባሉ፤ ሻያቸው ሳይበርድ ሞተሩን አጥፍተው ገቡ። ሕመሙ ካገረሸበት ወደ በቆጂ ከፍ ይበል ያለም ነበር አሉ። ውታፉን የነካ ግን የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን በሽታውን የደበቁት እርስዎ ሲሆኑ መድኃኒት ያጣው ሞተሩ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉዞው። ድኗል ተብሎ በተመለሰ በሳምንቱ እኔም ለደሴቱ ሰዎች ዱቄት ጭኜ ተሳፈርኩ። መካከል ስንደርስ ቀለም የሚቃጠል ሸተተን፤ አረንጓዴው ቀለምዎ እንደ ቂጣ አረፋ እያወጣ ነበር። ሁሴኖ ዘሎ ሊያጠፋው ሲል ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኾ ደረቀ። የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። ልጅ ያዘለችው እመቤቴን፣ አጠገቧ ያለችው አላህን ትጠራለች፤ ሁሴኖ ከወለሉ ሳንቃ ነቅሎ ይቀዝፋል፤ እኔም በዱቄት መለኪያዬ ውሃ እቀዳለሁ። በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ደርሰው ባይጎትቱን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ አያገኙም ነበር። በኋላ ሞተሩ እዚሁ አሰላ ጋራዥ ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ፤ የውሃ መግቢያው በሐይቅ አረም ታንቋል፣ ውሃውን የሚገፋውም የጎማ መዘውር በአሸዋ ተበልቷል። ይህን ሁሉ ያቺ የቀጠነች ሽንት ባትደፈን ኖሮ ገና ስትቋረጥ ትናገር ነበር፤ ሁሴኖም ሞተሩን አጥፍቶ አረሙን በጣቱ ይጠርግ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ፍርድዎ። የክሱ ቃል፣ ተከሳሹ ሞተሩ ውሃ ማጣቱን አይቶ ማጥፋት ሲገባው አላየም ይላል። እንዳያይ ያስደፈኑት እርስዎ፣ ባለማየቱ የታሰረው እሱ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ መባሉን አውቃለሁ፤ ስለ ቀኛዝማች የተባለ ነገር ግን ሽማግሌዎችን ሁሉ ብጠይቅ አላገኘሁም። የሁሴኖ ሚስት ኢፍቱ ጨቅላዋን አዝላ ከሐይቁ ዳር ድረስ በእግሯ እየመጣች ስንቅ ታቀብለዋለች፤ ማደሪያዋ በእኔ ወፍጮ ቤት የጆንያ ክምር ላይ ነው። ባሏ ምን እንዳጠፋ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ ነው፤ ለዚህ ግን ቃል አጣሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አፈርኩ፤ ያፈርኩትም በእርስዎ ነው።

ስለዚህ ሁሴኖ እንዲፈታ፣ ይህ የማይሆን ከሆነም እኔ በጀልባዋ የነበርኩት በምስክርነት እንድጠራ በትሕትና እለምናለሁ። ወፍጮዬን ዘግቼ እመጣለሁ።

ሐይቁን ከዳገት ላይ ሆነው ቁልቁል እያዩ ለሚያስተዳድሩት፣ እግራቸውም ሱሪያቸውም ሁልጊዜ ደረቅ ለሆነው ለክቡርነትዎ፣ በዱቄት የነጣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ የምነሣው፣ ከታዛዦችዎ ሁሉ ትእዛዝዎን በደንብ የተረዳሁት፤

ፋናዬ ወልደጻድቅ
አሰላ፣ ጥር ወር ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ የሰማሁት፦ ባለፈው እሑድ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶችዎን ጉማሬ ሊያሳዩ፣ በተቃጠለው ፈንታ በተገጠመው አዲስ ሞተር ሐይቁ ላይ ወጥተው ነበር አሉ። ሌላ ነጂ ስለሌለ ሁሴኖ በፖሊስ ታጅቦ ከወህኒ ቤት መጥቶ ነዳልዎ፤ ኢፍቱም ስንቋን ይዛ እስረኛው የለም ተብላ ከበሩ ተመለሰች። ይኼኛው ሞተር ቀዳዳው እንዳይነካ ያዘዙት ራስዎ ነዎት፤ የተሳፈሩበት እርስዎ ነዎትና። በደህና መመለስዎ ደስ ብሎኛል። ከጀልባዋ ሲወርዱ የሁሴኖን እጅ ጨብጠው በእንግዶቹ ፊት እንዳመሰገኑት ሰምቻለሁ፤ ያንኑ እጅ ወዲያው ለፖሊሱ ካቴና ማስረከብዎንም እንግዶቹ ሳያዩ አልቀሩም።