ዜሮ ተብሎ የተመዘገበው የባለቤቴ ሞት

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወላድ የጤና ጥናት ማዕከል
የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በእርግዝና ችግሮች ጥናት ሪፖርት ላይ የባለቤቴ ሞት እንዲታረምና የጥናቱ አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

አመልካች ሽኩር ሙዘይን እባላለሁ። የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ስሆን አየር ጤና በሚገኝ ጋራዥ የፍሬን መካኒክ ነኝ። ባለፈው መስከረም ለማዕከሉ ያስገባሁት ማመልከቻ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል መልስ አግኝቷል። የሚመለከተው ክፍል የተባለው ያመለከትኩበት ራሱ የጥናቱ ክፍል ሆኖ ስላገኘሁት፣ አቤቱታዬን በቀጥታ ለእርስዎ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1. ባለቤቴ ሃጂራ ነስሩ ቤቴል አካባቢ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። ከተጋባን በአራተኛው ዓመት አረገዘች። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ የማዕከሉ ሠራተኞች ቤታችን መጥተው፣ በእርግዝና ወቅት የሚከሰቱ ችግሮችን እንደሚያጠኑና በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እየመጡ የደም ግፊቷን እንደሚለኩ ነገሩን። እሷ አመነታች። «ፈርሚ እንጂ! ሐኪም ራሱ ቤትሽ ድረስ ሲመጣልሽ እምቢ ትያለሽ?» ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ከዚያ ወዲያ የጤና ጣቢያ ቀጠሮዋንም «እነሱ ይለኩኝ የለ» ብላ ተወችው።

2. ኅዳር 19 ቀን ግፊቷ 138 በ88፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 150 በ100፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 164 በ112 ነበር። ቁጥሮቹን ያወቅኩት ከቀብሯ በኋላ ነው። በመጨረሻው ቀን ራሷን ክፉኛ እንደሚያማትና ዓይኗ ብዥ እንደሚልባት ተናግራለች፤ በፎርሙ ላይ «አዎ» የሚለው ሣጥን ምልክት ተደረገበት። «ታዲያ ደህና ነኝ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ውጤት መንገር አልተፈቀደልንም፤ ወደ ማዕከሉ ነው የሚላከው» ተባለች። የለካቻትን ሴት አመስግና እስከ በር ሸኘቻት።

3. ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልብስ እያሰጣች ወደቀች። ተደውሎልኝ ስደርስ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃታል። የተሰበሰበው ሰው ጂን ነው አለ። እኔም አምኜ ቁርኣን የሚቀራላት ሰው ፍለጋ ሮጥኩ፤ ግማሽ ሰዓት በዚህ አለፈ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ግፊቷ መቼ ነው የተለካው?» አለኝ። «ከትናንት ወዲያ።» «ስንት ነበር?» ሚስቴ በሠለጠነ ሰው፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ተለክታ እኔ የማውቀው ነገር የለም። የከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት ሳይሰገድ ሃጂራም፣ በሆዷ የነበረችው ልጃችንም አለፉ። በማግስቱ ኮልፌ ቀበርናቸው።

4. ስትለካት የነበረችው ወ/ሪት ወለተጻድቅ ለቅሶ መጣች። ቁጥሮቹን ያሳየችኝ እሷ ናት። በዚያ ሐሙስ ከደጃፋችን ሳትርቅ ለተቆጣጣሪዋ ደውላ «ይቺ ሴት ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለባት» ስትል፣ «የእኛ የምልከታ ጥናት ነው፤ ጣልቃ ከገባን ውጤቱ ይበላሻል» ተብላለች። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። እውነቱን ስለተናገረች እንዳትጎዳ አደራ እላለሁ፤ በእሷ ላይ ክስ የለኝም። ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ የመኪና ፍሬን ሲያፈስ አይቼ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ቁልፉን ለሾፌሩ ዝም ብዬ ብመልስ ወኅኒ እወርዳለሁ። ለእኔ ዓይነቱ ያልተማረ ሰው የተከለከለው፣ ለተማሩት በምን ሕግ እንደተፈቀደ ቢነገረኝ እወዳለሁ።

5. በነሐሴ ወር የጥናቱ ውጤት ይፋ ሲደረግ «የኅብረተሰብ ተወካይ» ተብዬ ተጠራሁ። የጠራኝ ሰው ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስክሪኑ ላይ «የተሳተፉ እናቶች 412፤ የእናት ሞት 0» የሚል ወጣ። ተጨበጨበ። ተነሥቼ በጥናት ካርዷ ላይ ያለውን የሃጂራን መለያ ቁጥር ጠራሁ። ተፈልጎ ተፈልጎ «ከክትትል የጠፉ» ከተባሉ ዘጠኝ ሴቶች መካከል ተገኘች፤ ምክንያቱ «አድራሻ ለቀዋል» ይላል። ለካ ጥር 1 ቀን የመጣ ሌላ ሠራተኛ በራችንን ዝግ አግኝቶ ነው። እኔ ያን ሰሞን እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ከጎረቤት አንዱን ቢያንኳኳ ኖሮ የት እንደሄደች ይነግረው ነበር። የቀሩት ስምንት ሴቶችስ የት እንዳሉ የጠየቀ አለ?

6. የጥናቱ ሁለተኛ ዙር በዚያው ፎርም፣ በሰፈራችን ተጀምሯል። የስምንት ወር እርጉዝ የሆነችው ጎረቤቴ ወ/ሮ ጥሩብርሃን ባለፈው ሳምንት ጥር 14 ቀን ተለክታ፣ ስንት እንደሆነ ብትጠይቅ ያው መልስ ተሰጣት። ባለቤቷን አቶ የኔሰውን «ሻይህን ተወውና አሁኑኑ ይዘሃት ውጣ» አልኩት። ቤቴል ያለ ክሊኒክ ሲለካት 158 በ106 ሆነ፤ በዚያው ወደ ሆስፒታል ተላከች። ጥር 16 ቀን በቀዶ ሕክምና ወለደች። ሁለቱም በሕይወት አሉ። እኔም ሄጄ እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳት፤ ወጥቼ ግን ደረጃው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ካሳ አልጠይቅም፤ ጥናቱ ይቁምልኝም አላልኩም። የምጠይቀው፦

ሀ. በሪፖርቱ ላይ «0» የተባለው ታርሞ የሃጂራና የልጃችን ሞት በትክክል እንዲመዘገብ፤ የስምንቱም ሴቶች ሁኔታ በአካል እንዲጣራ፤

ለ. የሃጂራ የልኬት መዝገብ ሙሉ ግልባጭ እንዲሰጠኝ፤

ሐ. ማንኛዋም የምትለካ እናት ቁጥሯ እዚያው እንዲነገራት፣ ከፍ ያለ ከሆነም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል እንድትላክ በጽሑፍ ትእዛዝ እንዲሰጥ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሟቾቼ አይቸኩሉም። ሦስተኛው ግን አይቆይም። ሠራተኞቻችሁ ወደ ሰፈራችን የሚመለሱት ሐሙስ፣ ጥር 28 ቀን ነው። በእኛ መንገድ ብቻ ክንዳቸውን የሚዘረጉ አሥራ አንድ እርጉዞች አሉ፤ ቤት ለቤት ዞሬ ቆጥሬያቸዋለሁ። ትእዛዝዎ ከዚያ ቀን ቀድሞ እንዲደርስላቸው በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ሽኩር ሙዘይን (ፊርማ)
ኮልፌ ቀራንዮ

አባሪ፦ የሃጂራ ነስሩ የጥናት መለያ ካርድ፣ የሆስፒታል የሞት ማስረጃና የቀድሞው ማመልከቻ ግልባጭ