ክቡ ለምን እንቁላል ሆነ

ጂንካ፣ ግንቦት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሙልዬ፣
ባሕር ዳር

በጥልቅ ሐዘን የሚነገር ብርቱ መርዶ ስላለኝ፣ ከቆምሽ ተቀመጪ፤ ከተቀመጥሽም ግድግዳ ተደገፊ። የታናሽ ወንድምሽ የጅሩ መልካም ስም ትናንት ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በእንጨት ሥራ ማኅበራችን ግቢ፣ ሰባት ሰው እያየው በድንገት አርፏል። ሟቹ ስም ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ በመማር ይታወቅ ነበር። ለቅሶ የደረሰ ሰው የለም፤ የሥራ ጓደኛዬ ኤርጎ ብቻ መጥቶ ሲስቅ ዋለ።

ሳቅሽ? ሳቂ፤ ከዚህ በታች የሚያስቀው እያነሰ ነው የሚሄደው።

እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷም ተሽሏታል። ይሄንን ነገር ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ዝናብ አወራሁሽ። "ጅሩ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የአየር ጠባይ የምታጠናው?" ያልሽኝ ለዚያ ነው። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይያዛል። ወረቀት ግን መሀል ላይ ገብቶ አይጠይቀኝም፣ ስለዚህ ልጻፈው።

ስለ ማሽኑ ነው።

ማኅበሩ ከቱርሚ ከተማ የሆቴል በሮች ሲታዘዝ፣ አንድ በር ሙሉ አስተኝቶ በኮምፒውተር የሚቀርጽ ትልቅ ሲኤንሲ ያስፈልገናል ተባለ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ወርቅነህ "ተሠርቶ ያለቀውን ከአዲስ አበባ እንግዛ" አሉ። አንቺ "እንሥራው" አልሽ። "የተገዛው ሲበላሽ ጂንካ ድረስ ማን ይመጣል? እኛ የሠራነውን እኛው እንፈታዋለን" አልሽ። ክረምቱን ሙሉ ለማሽኑ አካል የሚሆን የብረት ቱቦላሬ አስበየድሽ፤ ሞተሩንም ዘንጉንም አንድ በአንድ አስመጣሽ። እኔም ቃልሽን አከበርኩ፤ ከሁሉም ቀድሜ ፈታሁት።

ከፋሲካ በኋላ ለእረፍት መጥተሽ፣ ማሽኑን ለማኅበሩ ልታሳዪ አንድ ቀን ሲቀርሽ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ኤርጎ "ከእህትህ በፊት ስሜን እቀርጽበታለሁ" እያለ ይጎርር ነበር። ላስቅበት ብዬ ሞተሩን ከዘንጉ ጋር የምትይዘውን፣ ያቺን ጭንቅላት የሌላትን ትንሽ ብሎን ላላ አደረግኳት። አልነቀልኳትም፣ ላላ ብቻ። እንዲህ ስትሆን ሞተሩ ይዞራል፣ ዘንጉ ግን አንዳንዴ ይከተለዋል፣ አንዳንዴ ይሰንፋል። የኤርጎ ስም እባብ የተሳበበት መስሎ እስኪወጣ ሆዴን ይዤ ስጠብቅ መብራት ጠፋ። ኤርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔም ኳስ ልጫወት ሄድኩ። ብሎኗ እንደላላች አደረች።

በማግስቱ ቅዳሜ ያንን ሰፊ የዋንዛ ጣውላ አሰርሽና ክብ የጠረጴዛ ፊት እንዲቆርጥ አዘዝሽው። ግማሽ ላይ ሲደርስ መስመሩ ሲዘምም አየሁት። ያኔ ትዝ አለኝ። ልብ በይ፣ በኋላ አይደለም፤ ያኔውኑ ነው። "አቁሚው" ማለት አንድ ቃል ነበር። ሰዉ ሁሉ ከቦሻል፣ ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አጎንብሰዋል፣ እኔ ዝም አልኩ። ክቡ እንቁላል ሆኖ ወጣ። ከኋላ አንዱ "ዶሮዋስ የታለች?" ብሎ ሰዉን አሳቀው። ያ አንዱ እኔ ነኝ።

ከዚያ ዞር ብለሽ "ጅሩ፣ ነክተህ ነበር እንዴ?" አልሽኝ።

"እኔ? እጄን ታጥቤ ነው የመጣሁት" አልኩሽ።

አመንሽኝ። ስንት ጊዜ ውሸቴን ከዓይኔ ላይ ለቅመሽ ታውቂያለሽ፤ የዚያን ቀን ግን አመንሽኝ።

ጋሽ ወርቅነህ በዚያ በጨዋ አነጋገራቸው "ልጄ፣ ጥረትሽ ይመሰገናል፤ የተገዛ ግን ዋስትና አለው" ብለው ስብሰባውን ዘጉ። አንቺም ወደ ምህንድስና ትምህርትሽ፣ ባሕር ዳር ተመለስሽ። ከዚያ ወዲህ አራት ሳምንት ሙሉ፣ ስትደውዪ ቱቦላሬው ቀጥኖ ይሆናል፣ ስሌቴ ተሳስቶ ይሆናል እያልሽ፣ ሥዕሉን እንደ አዲስ ስትሥዪ ከረምሽ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ "ይግዙት በቃ። ምናልባት ይሄ ትምህርት ለእኔ አይደለም" አልሽኝ። እኔ ምን መለስኩልሽ? ዝናቡ በርትቷል አልኩሽ።

ትናንት ጠዋት ጋሽ ወርቅነህ በያጅ ጠሩ። ማሽኑን ቆራርጠው ቱቦላሬውን ለአጥር በር ሊያደርጉት ነው፤ የግዢው ደብዳቤም ሰኞ ይወጣል ተባለ። በያጁ የመቁረጫውን ገመድ ሲሰካ ዘልዬ ማሽኑ ላይ ተጋደምኩ።

"ደግሞ ዛሬ በምን ልታስቀን ነው?" አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

"ጋሼ፣ ብሎኗን ያላላኋት እኔ ነኝ። የሙልዬ ማሽን ምንም የለበትም።"

ሳቁ። በሕይወቴ አንዴ እውነት ብናገር አጨበጨቡልኝ!

"ውረድ አንተ! መብራት ሳይሄድ ሥራችንን እንሥራበት" አለ በያጁ።

"መብራት ሳይሄድማ አንድ ክብ ልቁረጥ! አንድ ብቻ! ካበላሸ እኔንም አብራችሁ ቁረጡኝ።"

ያዳነኝ ኤርጎ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሲዋሽ ዓይኑ ይስቃል። አሁን እዩት፣ አልሳቀም። ይሞክር" አለ።

ብሎኗን አጠበቅኳት። ያንቺኑ ፋይል፣ ያንኑ ክብ አወጣሁ። ማስነሻውን ለኤርጎ ለቀቅኩለት፤ እሱ ተጫነው። መቅረጫው ዞሮ ዞሮ የጀመረበት ነጥብ ላይ መጥቶ ገጠመ። ጋሽ ወርቅነህ ግን ዓይናቸውንም አላመኑ፤ ክር አውጥተው መሀሉን በቁመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ ለኩት። ክሩ በየትም በኩል አልረዘመም፣ አላጠረም። ቀስ ብለው ክሩን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙና "ያቺን ልጅ አሳዘንናት" አሉ። "አሳዘንናት" ነው ያሉት፣ ራሳቸውንም ጨምረው። እኔን ብቻ ለይተው ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

በያጁ ተሸኘ። የግዢው ደብዳቤ መሳቢያ ገባ፤ ሐምሌ ላይ አንቺ ራስሽ መጥተሽ የቱርሚን በር ትቀርጪበታለሽ፣ መግዛትና አለመግዛቱ ከዚያ በኋላ ይወሰናል። እኔ እስከዚያ ድረስ መጥረጊያ እንጂ ሌላ ዕቃ እንዳልነካ ተፈርዶብኛል። ኤርጎ ወጥመዱ ለእሱ እንደነበር ሲገባው በጥፊ ሊለኝ እጁን አነሳና መሀል ላይ ሳቁ ቀደመው።

ሙልዬ፣ ሥዕሉን አትቀይሪው። ቱቦላሬው አልቀጠነም፣ ስሌትሽም አልተሳሳተም። ትምህርቱንም እንዳትተዪው፣ አደራ። አሁን የሚቀጥለውን ቃል ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰርዤዋለሁ፤ የማልቀልድበት ቃል ስለሆነ እጄ አልለመደውም። ይቅርታ።

ጌታ እዚያ በሰው አገር ብቻሽን አይተውሽ፤ የጀመርሽውን ያስጨርስሽ፤ ለእኔም ከአፌ የሚቀድም ልብ ይስጠኝ። እማዬ ስማሻለች፤ እሷ ገና አልሰማችም፣ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

ነገሩ ሁሉ ይሄው ነው። ሲያዩት እንኳን ትንሽ ነው፤ አንዲት ብሎን፣ ሩብ ዙር። ለማጥበቅ አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም።

ወንድምሽ
ጅሩ