የጉልበቴ ምልክት በአሸዋው ላይ

ውድ ቨርን፣

የአሸዋ ላይ መኪና ነጂዎች ክበባችን ሃምሳ ዓመት ስለሞላው ታሪኩን ጻፍ ተባልኩ። ከመሥራቾቹ በሕይወት ያለነው አንተና እኔ ብቻ ነን። ያንተን ስም ደግሞ እዚህ ማንም አያነሳም፤ ስለዚህ ሥራው እኔው ላይ ወደቀ።

መጀመሪያው አላስቸገረኝም። በ1966 በጋ አምስት ሰዎች፣ ሦስት አሮጌ ጂፖችና አንድ አካፋ ነበርን። ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ የአሸዋው ጉብታ አናት ላይ ከመድረስ በፊት መኪና አቁሞ መውረድ፣ ማዶውን በእግር ሄዶ ማየት። ስንስቅብህ፣ "ሳቁ፣ ሳቁ! ስትገለበጡ ግን አካፋው እኔ ጋ ነው" ትለን ነበር። ቀስ በቀስ ደንቡን ሁላችንም ተውነው፣ አንተ ብቻ ቀረህ። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

1994 ላይ ስደርስ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። በዚያ ዓመት አራት ማይል የባሕር ዳርቻ ታጠረብን። ልትጠፋ የተቃረበች አንዲት ትንሽ ወፍ እዚያ እንቁላል እንደጣለች ሰው ለዱር እንስሳት ጠባቂዎች ጠቁሞ ነበር። እንቁላሎቹ አሸዋ ይመስላሉ፤ መኪና ላይ ሆኖ የሚያያቸው የለም። በእግሩ የሚሄደው ደግሞ አንተ ብቻ ስለነበርክ ሁሉም አንተን ጠረጠረ።

"በወፍ ለወጠን እኮ!" አለ ዱዌን በክበቡ ስብሰባ ላይ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ።

ሠላሳ አንድ ሰው እንድትባረር እጁን አወጣ። እኔ ጸሐፊ ስለነበርኩ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ኮፍያህን አንስተህ ወጣህ።

ቨርን፣ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። መኪናው አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ የጎማዎቼን ነፋስ ልቀንስ ተንበርክኬ፣ ሦስተኛው ጎማ ጋ ስደርስ እንቁላሎቹን አየኋቸው፤ ልጨፈልቃቸው አንድ ስንዝር ቢቀረኝ ነው። ለጠባቂዎቹ ደወልኩ። ያቺን ቦታ ብቻ የሚያጥሩ መስሎኝ ነበር። በመደወሌ አልጸጸትም። ዝም በማለቴ ግን ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት አፍራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን የጻፍኩበትን ገጽ በክበቡ ስብሰባ ላይ አነበብኩት። ሊቀመንበራችን ግሌንዳ መነጽሯን አወለቀች።

"እና ሎይድ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አብረኸን ስትበላ ስትስቅ?"

"አዎ።"

"ተይው፣ አርጅቷል" አላት ዱዌን።

እህትህ አይሪስ ለበዓሉ ኬክ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ቨርን እኮ ያውቃል" አለች። "ያን ቀን ከኋላህ ሲመጣ የጉልበትህን ምልክት በጎማህ ዱካና በእንቁላሎቹ አጠገብ አይቶታል። እኔ ተናገር እንጂ ስለው፣ 'ሎይድ ሚስቱን ከቀበረ ስድስት ወሩ ነው። ከክበቡ ሌላ ማን አለው?' አለኝ።"

መቀመጫዬን ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙም አልሰማሁም።

ስምህን በሙሉ ድምፅ ወደ አባላት መዝገብ መልሰውታል። እኔን ግን ማንም ውጣ አላለኝም፤ ለሽማግሌ አዘኑ። ስለዚህ መልቀቂያዬን ራሴ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። የምወጣው ወፏን ስለጠቆምኩ አይደለም፤ ጓደኛዬ ሲባረር ቁጭ ብዬ ስለመዘገብኩ ነው።

ሐሙስ ወደ አንተ እመጣለሁ። በሩን ባትከፍትልኝ አልቀየምህም፤ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ሎይድ
የቀድሞ ጸሐፊ