የማይቆረጠው ፓኔልና የፈረሰው ደረጃችን

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14 ቀን

ለተከበሩ የመንገዶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ በተለይም የጉልበት ጤናን እመኛለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል፣ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ ስህተት ቢያገኙበት ይቅር ይበሉኝ። እኔ ግን እርስዎን ይቅር አላልኩም።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሌላ ሰፈር ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ወር ሲጠበቅ፣ የእኛ መንገድ ተሠርተው በመኪና በመጡ ተገጣጣሚ የኮንክሪት ፓኔሎች በአራት ቀን አለቀ። ክሬኑ አንድ በአንድ እያነሳ ሲደረድራቸው ልጅ አዋቂው አጨበጨበ። እኔም በመስኮት ሆኜ አጨብጭቤያለሁ፤ ያችን ጭብጨባ ይመልሱልኝ።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ፓኔል እኛ ደጅ ሲደርስ ቦታው በሁለት ስንዝር ጠበበው። ማን ተሳስቶ እንደለካ አልጠይቅም፤ ትልቅ ሰው አይሳሳትም። ፎርማኑ እናቴን «እትዬ፣ ፓኔሉ ውስጡ ብረት ነው፣ አይቆረጥም። የእናንተ ደረጃ ግን ድንጋይ ነው» አላት። እናቴም «አንተስ ከምንድን ነው የተሠራኸው?» ብትለው፣ ሠራተኞቹን ጠርቶ አራቱንም ደረጃ አስፈረሰው።

ሦስተኛ፣ አባቴ በክራንች የሚሄድ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ደረጃዎቹን ለእግሩ እንዲመቹ ራሱ ለክቶ ነበር ያሠራቸው። አሁን በራችን ከመንገዱ በላይ በሰው ወገብ ልክ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ አባቴም ደጅ ካልወጣ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ጎረቤቶች ተሸክመን እናውርድህ ሲሉት «ሬሳ አደረጋችሁኝ እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው፤ ሲሄዱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሁለት ጊዜ ብናመለክት «መንገዱ ተጠናቋል» የሚል ማኅተም ያለበት መልስ ልከውልናል። ማኅተሙ በጣም ያምራል።

ነገ ጠዋት ሪባን ሊቆርጡ እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። እኔም ቀድሜዎት የአባቴን የሥራ ጠረጴዛና ወንበር አውርጄ በመጨረሻው ፓኔል መሐል ላይ አስቀምጣለሁ። እሱ መውረድ ስለማይችል እኔ እቀመጥበታለሁ። ሰዓት መጠገን አልችልም፤ መቀመጥ ግን እንደ ሠራተኞችዎ እችልበታለሁ። መኪናዎ ጥሩምባ ቢነፋ፣ የፈራሁት ሕዝብ ሁሉ ቢያየኝ፣ ደረጃችን ካልተሠራ አልነሳም።

በሙሉ አክብሮትና በሙሉ ቂም፣
የሰዓት ጠጋኙ ትንሿ ልጅ

ማስታወሻ፦ ቤታችን ገብተው አባቴን ማነጋገር ቢፈልጉ በራችን ክፍት ነው። መወጣጫ ግን ይዘው ይምጡ።