የኦቦ ሞሲሳ ጢም ወይን ጠጅ የሆነ ዕለት

አምቦ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሽፋ፣

አካም ጂርታ? የጌዶ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ልጄ አሰፋሽ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከትናንት በስቲያ ጎረቤት ድረስ ሮጣ የሰው ዶሮ ስታባርር ተገኘች!

ትናንት ባለቤትሽ አብዱልወሀብ ለሱቁ ዕቃ ሊጭን መጥቶ በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ብቅ አለና እየተሽኮረመመ «ሽፋ አርግዛለች፤ ሦስት ወር አልፏታል» አለኝ። እልል ብዬ ተራ የያዘውን ሰው ሁሉ አስደነገጥኩት። ቤቴ ገብቼ ቁጭ ስል ግን ያልነገርኩሽ ነገር መጣብኝ።

ያኔ መድኃኒት መቀመሚያ ክፍላችን ተመድበሽ ስትመጪ አልወደድኩሽም። የትናንት ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት ዱቄት የመዘንን ሰዎች ልታስተምር! መስኮት ዘግተን፣ አፍንጫችንን ሳንሸፍን እንመዝናለን፤ አራት ሰዓት ሲሆን እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ወተታችንን እንጠጣለን። ወተቱን የዱቄቱን መርዝ ያጥባል ብለው በስብሰባ ተሟግተው ያስፈቀዱልን የክፍሉ አንጋፋ ኦቦ ሞሲሳ ነበሩ።

«ኦቦ ሞሲሳ፣ እጃችንን ታጥበን ውጭ ብንጠጣውስ?» አልሽ።

«ውጭ ከጠጣነውማ ምኑን ያጥባል? አቧራው ያለው እዚህ!» አሉ። ሁላችንም ሳቅንብሽ።

አንቺ አልተቆጣሽም። ለቁስል የሚቀባውን የጄንሽን ቫዮሌት ዱቄት መዝነሽ ስትጨርሺ ክፍሉ ንጹሕ ይመስል ነበር። ነጭ ጥጥ በውሃ ነክረሽ የኦቦ ሞሲሳን ኩባያ አፍ ጠረግሽ፤ ጥጡ ወይን ጠጅ ሆነ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብለሽ በሌላ ነጭ ጥጥ ጢማቸውን ጠረግሽ፤ እሱም ወይን ጠጅ!

«ወይኔ! ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስጠጣ ኖሬያለሁ?» አሉ።

«ይሄ ቀለም ስላለው ራሱን አጋለጠ» አልሽ። «የኪንታሮት መድኃኒቱ ፖዶፊሊን ግን ዝም ብሎ ይገባል። ጽንስ ይጎዳል።»

ኩባያዬ ከንፈሬ ላይ ነበር። ፖዶፊሊኑን የምመዝነው እኔ ነኝ። ዕድሜዬ አርባ፤ ሦስት ጽንስ ወርዶብኝ አራተኛውን ሦስት ወር ይዣለሁ፤ የሰው ዓይን ፈርቼ ከባሌ ከደግፌ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ተከትዬሽ ወጥቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ ነገርኩሽ። ለምን ደበቅሽ አላልሽኝም። ተመልሰሽ ገባሽና «ከዛሬ ጀምሮ እትዬ ሮማን ሚዛኑን ለእኔ ትተው ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ይጻፉልን፤ የእኔ እጅ ጽሑፍ ሰው ይገድላል» አልሽ። ሳቁ። እጅ ጽሑፍሽ ማተሚያ ያሳተመው እንደሚመስል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስድስት ወር የእኔን ፖዶፊሊን አንቺ መዘንሽ፤ በአራት እጥፍ አቡጀዲ አፍንጫሽን አስረሽ፣ ጓንት አጥልቀሽ፣ ዱቄቱን እንዳይቦን በአልኮል አርጥበሽ። ምስጢሬ ከአፍሽ አልወጣም። አሰፋሽ በጤና ስትወለድ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፤ አንቺን ግን አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩሽም። እኔ ወሬኛዋ ቃል አጣሁ! ያኔ ስላልወደድኩሽ አፍሬ ነው መሰለኝ። እንግዲህ ይኸው፦ እንዳንቺ ያለ ሰው አላየሁም።

ጌዶ ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒት የምትቀምሚው ብቻሽን እንደሆነ አብዱልወሀብ ነግሮኛል። ስሚኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ እጅሽን ከፖዶፊሊኑ አንሺ። እኔ ልጄን ጡት አስጥያታለሁ፣ አለቃዬንም አስፈቅጃለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በጧት አውቶቡስ መጥቼ እመዝንልሻለሁ፣ እቀምምልሻለሁ፣ ክፍሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ እመለሳለሁ። አንቺ በሩ ላይ እንኳ እንዳትቆሚ። ቆጥሬዋለሁ፤ እስክትወልጂ አሥራ ሁለት ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው የፊታችን ነው።

እህትሽ ሮማነወርቅ