ነጠላ የከበደው ትከሻ

ከእኔ ጋር ከአንድ ማሕፀን ለወጣው፣ ከእኔ ጋር አንድ ጡት ለጠባው፣ ስሙን በወረቀት ላይ ማኖር ለፈራሁለት ለታናሽ ወንድሜ ይድረስ።

ዝናሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ መስኩ አበባ አውጥቶ እስኪያረግፍ ድረስ ድምፅህን ሳልሰማ የከረምሁ እኔ ታላቅ ወንድምህ፣ እንዴት ነህ፣ እንዴት ሰነበትህ፣ ደረትህን ይይዝህ የነበረው ሳል ተወህ ወይ፣ ጉልበትህ የዱሩን ዳገት ቻለልህ ወይ፣ ሲበርድህ የምትደርበው፣ ሲከፋህም የሚያጫውትህ ሰው አጠገብህ አለ ወይ እያልሁ፣ ናፍቆቴን ከሰላምታዬ ጋር አቀርብልሃለሁ። እኛ፣ ለዘመኑ ርኅራኄ ሳይሆን ለፈጣሪ ቸርነት ምስጋና ይግባውና፣ በሕይወት አለን፤ ዓይኔ ከመድከሙና ባለቤቴ ተናኘ እግሯን ከማነከሷ በቀር በእኛ በሽማግሌዎቹ ላይ የደረሰ ክፉ የለም።

ሰላምታውን እንደ አባቶቻችን ወግ ላስረዝመው በተገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜ የለንምና፣ ወጉን አቋርጬ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንህ፤ ይህችን መስመር እንዳነበብህ ካለህበት ስፍራ ተነሥ፤ የቀረውን በመንገድ ታነበዋለህ። ስፍራህ ታውቋል። የት እንዳለህ እስካለፈው እሑድ ድረስ ያላወቅሁ እኔ ዛሬ ደብዳቤ ልልክልህ ከቻልሁ፣ ሌላውም ከደብዳቤ የከፋ ነገር ሊልክብህ ይችላልና።

ነገሩ የመጣው በልጅህ በዋጋነሽ ሕመም በኩል ነው፤ ሕመሟን ካልነገርሁህም ጥፋታችንን ልትረዳው አትችልምና ታግሠህ ስማኝ። ባለፈው የካቲት፣ ከተማው በተቃጠለበትና ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት በእነዚያ ሦስት ቀኖች፣ ልጅህ ከሰፈሩ ሰው ጋር ተነድታ በርጥብ መሬት ላይ እንደተቀመጠች፣ «አባትሽ የት ነው?» እያሉ ቀኝ ትከሻዋን በሰደፍ እንደመቷት፣ እርሷም «ሞቷል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንዳልወጣት አስቀድመህ ሰምተሃል። ያልሰማኸው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። የትከሻዋ ሰንበር በፋሲካ ጠፋ፤ ሕመሙ ግን ከሰንበሩ ጋር አልጠፋም፤ ይልቁንም በጨርቅ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከትከሻ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጉልበት እየሰፋ መላ አካሏን ያዘ። ትተኛለች፤ ስትነሣ ግን እንስራ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ያደረች ትመስላለች። የጀመረችውን ነገር መካከል ላይ ትረሳዋለች። የነጠላዋ ጥለት ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ድንጋይ የተጫነባት ያህል ትቃትታለች።

እኔም የበሽታን ምክንያት ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት ዓይንን ጨፍኖ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው ሲባል የተማርሁ ነኝና፣ ምክንያቱን ለማግኘት ደከምሁ። አስቀድሜ የረጋ ደም ይሆናል ብዬ ዋግምት አስደረግሁላት፤ የወጣው ደም ንጹሕ ነበር፣ ሕመሙም ባሰ። ቀጥሎም ከርጥቡ መሬት የገባ ብርድ፣ ቁርጥማት ይሆናል ብዬ በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት አጠንናት፣ ተናኘም በቅቤና በፌጦ አሸቻት፤ ነገር ግን መገጣጠሚያዋ አላበጠም፣ አልቀላም፣ ፀሐይ ቢወጣም ዝናም ቢዘንምም ሕመሙ ያው ነበር። በመጨረሻም፣ እግሬ ወደ ኋላ እየጎተተኝ፣ ወደ ጣልያኖቹ ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሙ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፣ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ትከሻውንም ነቀነቀ፤ ፈጠነ የሚባለው አስተርጓሚ ሳቅ እያለ፣ «መሪጌታ፣ ምንም የለባትም ነው የሚሉት፤ ሥራ ጠልታ ነው፣ ውሃ ትቅዳ» አለኝ። የማን ልጅ እንደሆነችም ጠየቀኝ። «የወንድሜ ልጅ ናት፤ አባቷ በሕይወት የለም» አልሁት።

ሐኪም «የለም» ያለውን በሽታ አገሩ ለጋኔን ይሰጠዋል። ከወንዙ ማዶ ወደሚያጠምቅ አንድ ባሕታዊ ዘንድ ስድስት እሑድ አመላለስናት። መስቀሉ በነካት ቁጥር ትጮኽ ነበርና፣ ሰዉ «ይኸው መስቀል ፈራ! ያዘው፣ እንዳያመልጥ!» ይላል፤ እኔም ዕድሜዬን በመጽሐፍ ላይ የፈጀሁት ከሰዉ ጋር አመንሁ። ልማዱን ታውቀዋለህ፤ ርኩስ መንፈስ ማንነቱንና ማደሪያውን እስኪናገር፣ ሸሽጎ የያዘውንም እስኪያወጣ ድረስ ይመታል። ባለፈው እሑድ ባሕታዊው ቀኝ ትከሻዋን በመቋሚያ እየመታ፣ «የት ነህ? ተናገር! የደበቅኸውን አውጣ!» ሲል፣ ሁለት እጆቿን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ወንድሜ ሆይ፣ ይህችኑ ጥያቄ በዚያው ትከሻ ላይ ከእኛ አስቀድመው የጠየቋት እንደነበሩ እንዴት ሳላስብ ቀረሁ? «አባቴ አልሞተም!» አለች፤ ከዚያም የወንዙን ስም፣ የዋሻውን አቅጣጫ፣ በግንቦት ልከህባት ለእኔ እንኳ እንዳትነግር ያዘዝሃትን ሁሉ ከሰባ በማያንስ ሰው ፊት ዘርግፋ ወደቀች። ለጠላት ያልሰጠችውን ለእኛ ሰጠች።

ከሰዉ መካከል ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋ ያ አስተርጓሚ ነበረ። «መሪጌታ፣ የእናንተ ጋኔን ደግሞ አገር ያውቃል!» ብሎ ሳቀ፤ ሰዉም አብሮት ሳቀ፤ እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከፍርሃቴ የተነሣ ሳቅሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አራስ የምታሸው ጎረቤታችን ዙሀራ የጠበሉን ወሬ ሰምታ ኖሮ ማንንም ሳታስፈቅድ ቤታችን ገባች። የልጅቱን ዓይን በሻሿ ሸፈነች፤ ጣቷን በጥጥ ጠቅልላ ማጅራቷን፣ የትከሻዋን መካከል፣ ክርኗን፣ ዳሌዋን፣ የጉልበቷን ውስጠኛ ጎን በቀስታ ተጫነች። ዋጋነሽ በእያንዳንዱ ስፍራ፣ በተመታው በቀኝም ባልተመታው በግራም፣ እኩል ጮኸች። ዙሀራም ወደ እኔ ዞራ፣ «መስቀል የለ፣ ጠበል የለ፤ ታዲያ ጋኔኑ የፈራው ጥጥ ነው? በአላህ ይዤዎታለሁ መሪጌታ፣ የሚጮኸው ገላዋ ነው፤ ይተዋት!» አለችኝ። በማግሥቱም በቅሎ አዋቂው ሽማግሌ ገሜዳ ሊጠይቀን መጥቶ ነገሩን ሲሰማ፣ ስለ አንዲት በቅሎው ነገረኝ፤ ጅብ ነክሷት ቁስሏ ከሻረ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ኮርቻ ሲያስጠጉባት ቀርቶ ዝንብ ሲያርፍባት ትንቀጠቀጥ ነበር። «ቁስሉ ሄደ፤ ጅቡ ግን አልሄደም» አለኝ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ቃል ተነሥቼ፣ መጻሕፍቴን ዘግቼ፣ በገዛ ልቤ የደረስሁበት ይህ ነው፤ እውነት መሆኑን ግን አልምልልህም። የሰው አካል እንደ አገር ነው፤ ጅማቶቹ ከዳር ወደ መካከል ወሬ የሚያደርሱ መልእክተኞች ናቸው፤ ራስ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ እንደ ነገሩ ክብደት ነጋሪት የሚያስመታ ሹም ነው። ሹሙ አንድ ጊዜ እጅግ የደነገጠ እንደሆነ፣ መልእክተኛው «ቅጠል ወደቀ» ሲለው «ጦር መጣ» ብሎ ይሰማል፤ ነጋሪቱ ቀንና ሌሊት ስለሚመታም ዘበኞቹ አያንቀላፉም፤ ያላንቀላፋ ዘበኛም በማግሥቱ ከትላንቱ ይልቅ ይደነግጣል። እንግዲህ ዋግምቱ ክፉ ደም ያላገኘው፣ ሐኪሙም በጉልበቷ ላይ ነውር ያላየው፣ መንገዱን እንጂ ሹሙን ስላልመረመሩ ይመስለኛል። ሕመሟ እውነት ነው፤ በልኩ ያልተመዘነው ወሬው ነው። ምክንያቱም አንድ ብቻ ነው አልልህም፤ ሰደፉም፣ ርጥቡ መሬትም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ፍርሃቱም እንደ ገመድ ተገምደዋል፤ አንተም፣ አትቀየመኝና፣ ያለህበትን ነግረህ ለብቻዋ ስታሸክማት አንድ ክር ጨምረሃል።

ከዘራችንም የመጣ ነገር አለበት ብዬ እፈራለሁ። ከክፉው ቀን ረኃብ በኋላ እናታችን «ልጆቼ፣ ነጠላው ከበደኝ» ስትል ትዝ ይልሃል? አንተ ሕፃን ነበርህ፤ እኔ ግን ዳዊት ደግሜ የጨረስሁ ጎረምሳ ሆኜ፣ «እማዬ ደግሞ ማማረር ትወዳለች» እያልሁ እስቅ ነበር። ሹሟ እንዲህ በቀላሉ የሚደነግጥ ገላ እንደ ርስት ከእናት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ፣ የእናታችንን መቃተት ያቃለልሁበትን ኃጢአት በልጅህ እጆች ላይ ደገምሁት ማለት ነው።

አሁን የሚያስፈራኝን ስማ። ትላንት ማክሰኞ ፈጠነ አንድ ጥቅል ስኳር ይዞ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ሊል መጣ። ከተቀመጠም በኋላ ጣራውን እያየ፣ «አባቷ በሕይወት የለም ብለውኝ አልነበር?» አለኝ። እኔም፣ «ጋኔን የሐሰት አባት ነው፤ የጋኔን ቃል ይታመናል እንዴ ልጄ?» አልሁት። «እሱስ ልክ ነዎት» አለ፤ «እነሱ ዘንድ ግን ሐሰትም ቢሆን ይጻፋል።» ሊወጣ ሲልም በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «የፊታችን እሑድም ትጠመቃለች አይደል? እንዳትቀሩ፤ እኔም እመጣለሁ» አለ። ስኳሩን እስካሁን የነካው የለም።

ወጥመዱን አየኸው? ከጠበሉ ብትቀር፣ የተናገረው ጋኔን ሳይሆን እርሷ ነበረች፣ ቃሏም እውነት ነበረ ማለት ይሆናል፤ ቤቱን ጥለን ብንሸሽም ያው ነው። ብትሄድ ደግሞ፣ ያ ትከሻ ይመታል፣ ያችም ጥያቄ ትጠየቃለች፤ የረሳችውን የመንገድ ምልክት ሁሉ ጨምራ ብትናገርስ? የካሚዮን ድምፅ ከመንገዱ በኩል በመጣ ቁጥር ወደ እኛ ነው ወይስ ወደ አንተ እያልሁ ጆሮዬን አቆማለሁ። ተናኘ «አንተም እኮ ታመምህ» ትለኛለች፤ ከትላንት ወዲያ ጀምሮ ማጅራቴን እንደሚይዘኝ አልነገርኋትም።

ከእሑድ ወዲህ ቃል ያልተነፈሰችው ልጅህ ዛሬ ጧት ወረቀትና ቀለም ሳዘጋጅ አይታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የነገረችኝን እንደ ቃሏ እጽፍልሃለሁ። «ለአባቴ ይሂድ ብለው ይጻፉለት። የሄደበትን ግን እንዳይልክብኝ፤ ለእርስዎም እንዳይልክ። ከሄደ እሑድ እጠመቃለሁ። የምናገረው ሁሉ ሰው የሌለበት ዋሻ ይሆናል፤ ቢሄዱም ባዶውን ያገኙታል፤ ፈጠነም ጋኔን ነበር ይላል። የማላውቀውን ቢመቱኝም አልናገረውም።» ቀጥላም፣ «ምናልባት ያን ጊዜ እተኛ ይሆናል» አለች።

«አላስመታሽም» አልኋት። «እርስዎ እጄን አይያዙ እንጂ ሌላውን እችለዋለሁ» አለችኝ።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህን ሰው ፊቱን ስታይ ታውቀዋለህ፤ ቢፈጥን ዓርብ ማለዳ ካንተ ዘንድ ይደርሳል። ጽሕፈት አትስጠው፣ ቃልም አትላክበት፣ የምትሄድበትንም አቅጣጫ ዓይኑ እያየ አትጀምር። እሑድ ወደ ጠበል ሳንወርድ እጁን አጣጥፎ በደጃችን ካለፈ፣ መሄድህን እናውቃለን፤ እርሷም እንዳለችው ትወርዳለች፤ ካላለፈ ግን እኔ አልጋ ላይ ወድቄ የሞት አፋፍ ላይ ነው አስብዬ እርሷን አስታማሚዬ አደርጋታለሁ፤ ይህም ለአንድ እሑድ ብቻ ያዋጣናል።

አብረውህ ያሉትን፣ ስማቸውን የማላውቀውንና ማወቅም የማልሻውን፣ አንድ በአንድ ሰላም በልልኝ። ተናኘ ግንባርህን ትስማለች፤ ሳልህን በማር ያዝ ትልሃለች። ሽማግሌው ገሜዳ «ጎበዝ ሁን» ይልሃል፤ ዙሀራም ዱዓ ታደርግልሃለች። ዋጋነሽ ጉልበትህን ትስማለች። እኔም እግዚአብሔር ከዓይናችን እንዲሰውርህ፣ ከእኔም ዓይን ጭምር እንዲሰውርህ፣ ቆሜ እለምነዋለሁ።

ታላቅ ወንድምህ
ቀራንዮ፣ ረቡዕ ጥቅምት ፲፯ ቀን ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ