ወገቤና የሙሉቀን ድርሻ

ነሐሴ 19 ቀን 1973፣ ጧት
ዛሬም ከመደቡ መነሣት አቃተኝ። ልጄ አስናቁ ብብቴ ሥር ገብታ አቆመችኝ። ወገቤን የጋለ ነገር ይወጋኛል፣ እስከ እግሬ ይወርዳል። ወጌሻው መቀነቴን ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አጥብቆ አስሮ፣ እስኪሻልሽ አትንቀሳቀሽ ብሎኝ ሄዷል። አልተንቀሳቀስሁም። ጥጥ እፈትላለሁ፣ እጋደማለሁ፣ ደግሞ እፈትላለሁ። ደብተሬ፣ እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሠኝ።

ፍርሃቴን ላንተ ብቻ ልጻፍ። ጎረቤታችን የነበሩት እማማ ጥሩነሽ እንዲሁ ወገቤን ወገቤን ብለው ተኙ። ተኝተው ቀሩ። ልጃቸው እሳቸውን ስታገላብጥ ሳታገባ አረጀች።

ነሐሴ 22፣ ከሰዓት በኋላ
የአስናቁ ምደባ ወጣ። አስተማሪ ሆና አንበሳሜ ወደምትባል አገር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ወንድሟ ሙሉቀንም የሄደው በነሐሴ ዝናብ ነው። ምሥራቅ ግንባር አሉ፣ ወሰዱት። መርዶው መጣ፣ አስከሬኑ አልመጣም።

አስናቁ አንቺን በዚህ ሁኔታ ጥዬ አልሄድም አለች። ባለፈው ስብሰባ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ምደባውን የገፋ ሁሉ የአብዮቱ ጠላት ነው ሲል ሰምታለች። እኔም ሰምቻለሁ። ብትሄድ እፈራለሁ። ብትቀር እፈራለሁ።

ነሐሴ 25
በጋሪ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የሚያክመው ድሬሰር የሐረር ልጅ ነው። አገሩ ሙሉቀን የቀረበት አቅጣጫ ነው፤ ፊቱን አየሁና አንገቴን ደፋሁ። መጀመሪያ ሚዛን ላይ አወጣኝ፣ እንደ ገበያ ቅቤ። ዓይኔን ጨፈንሁ። አከርካሪዬን ዳሰሰ፣ እግሬን አንሥቶ አጠፈ፣ ዘረጋ። አጥንቱ ደኅና ነው፣ አይፍሩ እማማ አለኝ። የሚጎዳኝ ክብደቱ ነው። ሆድ ወደ ፊት ይጎትታል፣ ወገብ ሌት ተቀን መልሶ ይጎትታል፤ ደክሞት ነው የሚጮኸው አለ። መተኛቱ አብሶበታል። መቀነቱን አላልተው በየቀኑ ይራመዱ፣ ምግብ ይቀንሱ አለኝ።

ከመቼ ወዲህ ነው የወፈሩት አለ። ከልጄ መርዶ ወዲህ አልሁት። የምበላውን ጠየቀኝ። አስናቁ ቀድማኝ መለሰች።
«የሁለት ሰው ነው የምትበላው።»
እስከ ቤት አላናገርኋትም።

ያው ቀን፣ ምሽት
እውነቷን ነው። የመርዶው ሰሞን ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ብይ፣ ብይ፣ ጉርሻ በጉርሻ ላይ። እምቢ ማለት ነውር ነው። እነሱ ቆይተው ተዉ። እኔ አልተውሁም። ወጥ የምሠራው ለሦስት ነው። የሙሉቀንን በሣህኑ አውጥቼ እከድነዋለሁ። ጧት መድፋት አይሆንልኝ። ለውሻ መስጠት አይሆንልኝ። ሳይርበኝ እበላዋለሁ። ድሬሰሩ ይቀንሱ ሲለኝ ማንን ይቀንሱ እንዳለኝ አላወቀም።

ነሐሴ 28
የኅብረት ሱቅ፣ የስኳር ሰልፍ። ወገቤ ነደደ፣ ግድግዳ ይዤ ቆምሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ ልጇን ቀብራ እንዲህ የሚደላት እናት አየሽ አለች። አልዞርሁም። ቀብራ ማለቷ ነው ያቃጠለኝ። የት ቀበርሁት?

ጎረቤቴ ዘይነባ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት፣ ሰምታ ኖሯል። እሷም እንደኔ ወፍራም ናት። መጥታ ክንዴን ያዘች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፦
«ነይ እትዬ ውብነሽ፣ እኔን ተደገፊ። ስኳሩ ቢያልቅ እኛ ስንቅ አለን፤ የሚያሳዝኑት ቀጫጮቹ ናቸው።»
ሳቅሁ። ወገቤን ወጋኝ፣ ግን ሳቅሁ። ከዚያ ደነገጥሁ፤ ከመርዶው ወዲህ ስቄ አላውቅም።

ጳጉሜን 2
ዘይነባ በየጧቱ እየመጣች እስከ ሐይቁ ዳር ታስኬደኛለች። መቀነቴን አላላሁት። የምበተን መሰለኝ፣ አልተበተንሁም። ጣና ሞልቷል፣ ደንገሉ ግማሹ ውኃ ውስጥ ነው። እግሬ ይንቀጠቀጣል። ድንጋይ ላይ አረፍ ብለን እንመለሳለን። ከሙሉቀን ሣህን ጥቂት ጥቂት መቀነስ ጀምሬአለሁ፣ እንዳይታየኝ ሳላይ ነው የምጨልፈው።

ዛሬ ያለ ሰው ተነሣሁ። ለአስናቁ አልነገርኋትም። የበሩን ድምፅ ስሰማ ተጋደምሁና አቃሰትሁ። ታምሜ ከቆየሁ እሷም ትቆያለች። ይኸን የጻፈው የኔ እጅ ነው? ፈራሁ። ከቀበሌው ይልቅ ራሴን ፈራሁ።

መስከረም 5 ቀን 1974
አስናቁን ቀበሌ ጠሯት። ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች። እናቴ ታማ ነው ብትላቸው፣ መጥተን እናያታለን፣ መታመሟን ካላየን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው አሏት። ሌላ ምን እንደሆነ አልነገሯትም። እሷም አልጠየቀችም።

ከመደቡ ተነሣሁ። መደገፊያ አልያዝሁም። ወጋኝ፣ ቆምሁ። ቤቱን ዞርሁላት፣ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። ከመቼ ወዲህ ነው አለችኝ። ከጳጉሜን አልኋት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም።

መስከረም 8፣ ምሽት
ነገ ማለዳ አውቶቡስ አላት። ምስር ወጥ ሠራሁ። አስናቁ እንደ ልማዳችን ሦስት ሣህን አወጣች። ሦስተኛውን ልከድን ስል እጄ ቆመ።
«የወንድምሽን ለመንገድሽ ቋጥሪው» አልኋት።
 በእንጀራ ጠቅልላ ቋጠረችው። ሣህኑን አጥቤ በአፉ ደፋሁት።

ወገቤ አልዳነም። ጎንበስ ስል ያመኛል። አንበሳሜን አላውቃት፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እፈራለሁ። ግን ጋሪ አልይዝም። መናኸሪያው ድረስ በእግሬ እሸኛታለሁ፣ እየቆምሁም ቢሆን። ስመለስ ዘይነባ ሐይቁ ጋ ትጠብቀኛለች። ከዚያ ቤት እገባለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ለአንድ ሰው።